በቁሙ የተለቀሰለት ሻምፒዮን

ደብረ ብርሃን ያላችሁ እህቶቼ፣ ከአርባ ምንጭ ስመለስ ከብባችሁ “እህ፣ አገሩ እንዴት ነው?” ስትሉኝ “ሙቀት ነው” ብዬ ዝም አልኳችሁ። ተቀየማችሁ፤ እውነታችሁን ነው። በአፌ ልናገረው ስሞክር አይሆንልኝም፤ በጽሑፍ ግን እንደምንም ይወጣል። ከጫጫ ወዲያ መሄድ ሞት ለሚመስላችሁ ለእናንተ፣ ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጬላችኋለሁ።

ሥራዬን ስትሳለቁበት ነው የኖራችሁት። ሽሮ ሜዳ አጠገብ ያለ የኪክቦክስ ክለብ ወጌሻ ነኝ፤ ጎረምሶች ሲረጋገጡ ውለው የተጣመመውን እኔ አቃናለሁ። ከነሱ ሁሉ የማይረሳኝ ማርቆስ ነው። የጋሞ ልጅ ነው፣ ኦቾሎ ከሚባል የተራራ ጫፍ የመጣ። ሽሮ ሜዳ የገባው እንደ አገሩ ልጆች ለሽመና ነበር። አንድ ቀን ክለቡ በር ላይ ቆሞ ሲያይ አሰልጣኛችን ለቀልድ “ና፣ ይችን ከረጢት ምታት” አለው። በእግሩ ሲመታት ከነማንጠልጠያዋ ወረደች። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ መርገጫውን በእግሩ ያስኬዳል፤ ያ የእግር ምት ነው ሪንግ ላይ የወጣው። “ሸማኔው” ተባለ፣ የአገር ሻምፒዮን ሆነ፣ ቀጥሎ የአፍሪካን ቀበቶ አስገባ።

ባለፈው ዓመት ቀበቶውን ሊያስጠብቅ ውጭ አገር ሄደን አንገቱ ላይ ተረግጦ ወደቀ። ዳነ፤ ግን አገሩ ገብቶ ቀረ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ደወለልኝ።

“እትዬ አልማዝ፣ እናቴ በር አልከፍትም አለችኝ። አገሩ ሁሉ ሞተሃል ብሎ አልቅሶልኛል። ስወድቅ አጠገቤ የነበሩት እርስዎ ነዎት። መጥተው አለመሞቴን ለሽማግሌዎቹ ይመስክሩልኝ።”

“ልጄ፣ አለመሞትህን ራስህ እየነገርካቸው አይደል?”

“እኔን አይሰሙኝም” አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሲቀድ ነበር የተነሣው። ሹፌሩ መዝሙር ከፍቶ እስከ ቡታጅራ አላጠፋውም። እናንተ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ስትወርዱ ብርዱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ደግሞ መንገዱ በሄደ ቁጥር ልብስ ያስወልቃል። ሆሳዕና ላይ ጋቢዬን፣ ሶዶ ላይ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከሶዶ እንደወጣን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ ሲቀይር አንዲት የመንገድ ዳር ሴት “ፀሐይ ትመታሻለች፣ ነይ” ብላ በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ውኃ አጠጣችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

አጠገቤ የተቀመጠችው የአርባ ምንጭ ነጋዴ ነበረች፣ ጨዋታ አዋቂ። እስከ ምዕራብ አባያ ድረስ ስታስቀኝ መጣች። አባያ ሐይቅ ከግራችን ብቅ ሲል “ይሄ ነው ሐይቃችሁ? የጭቃ ውኃ አይመስልም እንዴ?” ብዬ ቀለድኩባት፤ እውነትም ውኃው እንደ ሸክላ ቀይ ነው። እሷም ስቃ “ለመሆኑ ማንን ልትጠይቂ ነው?” አለችኝ።

“ማርቆስን። ኪክቦክሰሩን።”

ሳቋ ቆመ። “የኦቾሎውን? እሱማ ተለቅሶለታል እኮ።”

“አልሞተም እኮ የኔ እህት፣ በሕይወት አለ። ትናንትና ራሱ ደውሎልኛል።”

“እሱማ ይደውላል” አለች፣ በጣም በቀስታ። ከዚያ በመካከላችን የነበረውን ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ላንቴ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሙዝ ሲገዛ እሷም ወረደች፤ በመስኮት አንድ ዘለላ ሙዝ አቀበለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። በዚያ ሙቀት ሹራቤን መልሼ ለበስኩት።

አርባ ምንጭ መናኸሪያ ስደርስ ማርቆስን ከሩቅ ለየሁት። መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በሱ ዙሪያ ግን ባዶ ነው። የሚገፋው የለም፤ ሰው ዞሮት ያልፋል። ሻንጣዬን ተቀበለኝና “እትዬ፣ ከስተዋል” አለኝ። ድምፁ የጥንቱ ነው። እጁን ስጨብጠው ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሐሩር።

ያሳደሩኝ ሲቀላ ሰፈር ያሉ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው እዚህ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ። “ኧረ የአገሬ ሰው!” ብለው ቤታቸውን ለቀቁልኝ። ለእኔና ለራሳቸው በአንድ ትሪ አቀረቡ፤ ለማርቆስ ለብቻው በሰሃን ሰጡት፣ ሲበላም ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ቆዩ። ደግ ሴት ናቸው፤ አይጠሉትም። ከሄደ በኋላ “ምን አድርጎዎት ነው?” አልኳቸው። “ምንም። ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሽማግሌ ያልቋጨውን ነገር እኔ አልነካም” አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት “ና እስቲ ተኛ፣ ሰውነትህን ልየው” አልኩት። እጄ የሚያውቀው ሰውነት ነው፤ የቱ ጅማት የት እንደሚቋጠር በጨለማ አገኘዋለሁ። ሁሉም በቦታው ነው። አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። የዚያን ቀን አንገቱ ሥር የበለዘው አሁንም እንዳለ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትናንት የተመታ ይመስላል። ብልዝ ሲድን ይረግባል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠፋል። ይሄኛው ግን ክረምትና በጋ አልፎበት ንቅንቅ አላለም። ጫን ስለው አላመመውም።

“እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው?” አለኝ።

“ይለቃል” አልኩት።

አሁን ለእናንተም ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ማርቆስ ሲወድቅ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እጄን ደረቱ ላይ ጣልኩ፤ ምንም የለም። አፍንጫው ላይ ጆሮዬን አደረግሁ፤ ምንም። ሐኪሙ መጥቶ ደረቱን መደቅደቅ ሲጀምር እኔ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፍቶኝ አቡነ ዘበሰማያትን ያዝኩ። አንዴ ደግሜ ጨርሼ፣ ሁለተኛውን ጀምሬ ሳለ ነው ልቡ የተመለሰች። ከዚያ “ራሱን ስቶ ነበር” ተባለ። ልቡ ቆሞ የነበረ ሰው ዳግም የመፋለም ፈቃድ አያገኝም፤ ለክለቡም ለልጁም እንጀራ ነውና ነገሩ እንደተባለው ቀረ። ማርቆስ ራሱም የሚያውቀው ራሱን መሳቱን ብቻ ነው።

ለምሳ አሳ ሊያበላኝ ወሰደኝ። እናንተ አሳ በጾም ስታገኙ የምታደርጉትን አውቃለሁ፤ እዚህ አሳ እንደኛ አገር ባቄላ ነው፤ ለብለብ ተደርጎ ሙሉውን በትሪ ይመጣል። ገና ቁጭ ስንል ግድግዳውን አየሁ። የማርቆስ ፎቶ ነው፣ ቀበቶውን ታጥቆ፤ ጥጉ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበታል፤ ከሥሩ “ነፍስ ይማር” ይላል። ማርቆስ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ አሳውን ይፈለፍላል።

ባለቤቱን ጠርቼ “አታፍርም? ሰውየው እዚህ ቁጭ ብሎ!” አልኩት።

ባለቤቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “እናቴ፣ አይቆጡ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶውን የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሳይል እንዴት አወርደዋለሁ?” አለኝ። የአሳውን ዋጋ አልቀበልም አለ። ለማርቆስም ሎሚ ጨምሮ አመጣለት፤ ሰሃኑን ያስቀመጠው ግን ከእጁ ራቅ አድርጎ ነው።

ማታ አካባቢ “አዞ እናሳይዎት” የሚሉ የጀልባ ሰዎች መጡ። እኔ እንኳን ለአዞ፣ ለፎቶም ልቤ ከቦታው አልነበረም። ማርቆስን “ቀበቶህን አትፈልገውም?” አልኩት።

“ሌት ተቀን ነው የማስበው። ይመስክሩልኝና እናቴ በር ትክፈትልኝ፤ በማግስቱ አብሬዎት እገባለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ? መሸመንና መርገጥ ነው” አለ።

ሦስተኛው ቀን

እስከ ላንቴ በባጃጅ፣ ከዚያ የሙዝ መኪና ለምነን እስከሄደበት፣ የቀረውን በእግር። እንዲያው ዳገት አይታችሁ አታውቁም። ጣርማበርን ያያችሁ ዳገት ያያችሁ ይመስላችኋል። ግማሽ መንገድ ላይ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ልትቀበለን የወረደችው የማርቆስ እህት ዘነበች የራሷን ጫማ አውልቃ አጠለቀችልኝና በባዶ እግሯ ቀደመችኝ። ተይ ብላት “እኔ አገሬ ነው” አለች።

ማርቆስ ከፊት ርቆ ሲሄድ ዘነበች ነገሩን ነገረችኝ። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያስኬዳል፤ ልስላሴው ግን ያሳዝናል።

“እትዬ፣ እናቴ ቀን ላይ እንሰት እየፋቀ ነበር። ፀሐይ ወደ ተራራው ሲዞር መፋቂያውን ጣለ። ‘ማርቆስ! ማርቆስ! ማርቆስ!’ ብሎ ጮኸ። ‘ልጄ ሞተ’ አለ። ሰው ሮጦ መጣ።”

“ማን ነገራት? ስልክ ተደወለ?”

“የደወለ የለም። ያኔ ገና ማንም አላወቀም።”

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዳገቱ ነው ብላ ውኃ ሰጠችኝ። ዳገቱ አልነበረም። ፀሐይ ወደ ተራራው ስትዞር ያለችው ሰዓት፣ እኔ ደረቱ ላይ እጄን የጣልኩበት ሰዓት ነው።

ወሬ እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ ሳያጣሩ አልቅሰዋል። እናት ከጮኸች ምን ይጣራል? ወንዱ ጦር ይዞ ሜዳው ላይ እየሮጠ፣ ሴቱ ደረቱን እየደቃ፣ የመጀመሪያ ጓንቱን መካከል አስቀምጠው በወጉ ሸኙት። ከጥቂት ቀን በኋላ ነው “ድኗል” የሚል ስልክ የመጣው። ያኔ አገሩ ደነገጠ። እነሱ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ ነውር ሠርተህ ሳታጠራው ብታድር ማሳውን፣ ከብቱን፣ ልጁን ይነካል ይላሉ። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ደግሞ ከነውርም ነውር ነው፤ ሞትን በስም መጥራት ነው። ዘንድሮ እንሰቱ ሲጠወልግ ሁሉም ዓይኑን ወደ እናትየው አዞረ። እሷም “ልጄን በአፌ ገደልኩት፤ ባየው ይሞታል” ብላ በሯን ዘጋች።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የመጣሁት አልሞተም ብዬ ልመሰክር ነው። አልሞተም ካልኩ ማርቆስ ቀበቶውን ያገኛል፤ እናቱ ግን ሕያው ልጇን ያሟረተች ሆና ትቀራለች። ሞቶ ነበር ካልኩ ደግሞ እንጀራውን በገዛ እጄ እቆርጣለሁ። ሐቁን የማውቀው እዚያ ካለነው ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኦቾሎ የገባነው በጉም ውስጥ ነው። የሚያልፈን ሰው ሁሉ ለእኔ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ማርቆስን ግን ስሙን የሚጠራው የለም፣ “እንግዳው” ይሉታል። ዘነበች የተለቀሰበትን ሜዳ አሳየችኝ። በሯጭ እግር የተረገጠው ሣር ከዚያ ወዲህ አልበቀለም፤ ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ እሱ ብቻ መላጣ ነው። ማርቆስ ሜዳውን አላቋረጠም፤ ዳር ዳሩን ዞረ።

የእናቱ ቤት የቀርከሃ ነው፣ ከሩቅ የተደፋ ቅርጫት ይመስላል። በሩ ላይ ቆሜ “እማማ ዳመነች፣ እንግዳ ነኝ” አልኩ። መልስ የለም። ግን ከበሩ ወዲያ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ እዚያው ከፊቴ። ማርቆስ ከኋላዬ እርምጃ ሲጨምር ትንፋሹ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ ሲመለስ እንደገና መጣ። እህቶቼ፣ ያን ጊዜ ጸጉሬ ሁሉ ቆመ።

ዘነበች ቤት አደርኩ። ቆጮ በቅቤ ከዳጣ ጋር አቀረበችልኝ፤ ዳጣው የእናንተን ሚጥሚጣ ያስንቃል፣ እንባዬን አወረደው። የቡና ቅጠል በቅመም አፍልታ ሰጠችኝ። የራሷን ጋቢ ከላዬ ደረበች። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አራተኛው ቀን

ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል፤ ድንጋይ የተደረደረበት ሣራማ ሜዳ ነው። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ከተቀመጡት ግማሾቹ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። መጀመሪያ መረቁ፤ ዝናብ ይስጠን፣ ከብቱ ይርባ፣ የታመመ ይዳን። ከዚያ ሃላቃው፣ አገሩ የመረጣቸው አዛውንት፣ እርጥብ ሣር ነጭተው በእጄ አስያዙኝ። ዘነበች ታስተረጉምልኛለች።

“ይህን ይዞ የዋሸ ሰው የለም” አሉኝ። “ልጁ ሲወድቅ እጅሽ ደረቱ ላይ ነበረ ይባላል። ትንፋሹ ነበረ?”

ማርቆስን አየሁት። ዓይኑ “ነበረ በይ” ይለኛል። ከሰው ጀርባ፣ ርቃ፣ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ሴት ቆማለች። አይታኝ አታውቅም፣ አይቻት አላውቅም፤ ማን እንደሆነች ግን አወቅሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አፋፉ ላይ ቆሜያለሁ።

“አልነበረም” አልኩ። “ልቡም ቆማ ነበር። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እስክጨርስ ድረስ ሞቶ ነበር። ከዚያ ተመለሰ።”

ዘነበች ማስተርጎሙን ትታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሃላቃው አልቸኮሉም። “በይ” አሏት፤ ተረጎመችው። ማርቆስ በዝግታ እጁን አንሥቶ አንገቱ ሥር ያለውን ብልዝ ነካ፤ የዚያን ጊዜ ፊቱን እስከ ቀብሬ ቀን ድረስ አልረሳውም።

“በየትኛው ሰዓት?” አሉኝ ሃላቃው።

“ፀሐይ ስታዘቀዝቅ።”

ከዚያ በኋላ እየተቀባበሉ ብዙ አወሩ። እንዲህ ያለ ገጥሟቸው አያውቅም፤ አባቶቻቸውም አልነገሯቸውም። በመጨረሻ ሃላቃው ተነሡ።

“እንግዲህ ያለቀስነው ለሞተ ሰው ነው። ለቅሷችን ሐሰት አልነበረም፤ ዳመነችም አላሟረተችም፤ እናት ናትና ቀድማ አወቀች። ነውር የለም። ለቅሶው በወጉ አልቋል፤ ማርቆስ ሄዷል። ይኸኛው ዛሬ የመጣ ነው። የሚመጣ ሰው ደግሞ በአንድ በር ነው የሚመጣው፤ በእናቱ። ዳመነች ወልዳለች። አራስ ናትና ግቡና ጠይቋት። ይኸም ሕፃን ነውና ሕፃን አይመታም፣ ሕፃንም ሰው አይመታም። አድጎ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ እንደማንኛውም ልጅ ይቆይ።”

ማርቆስ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ ሃያ ዓመት ሲጨምር ማን ሪንግ ላይ ያወጣዋል? ሰማው፣ ገባው። ቢፈልግ ያን ቀን ጥሎ ይወርድ ነበር፤ የሚይዘው ሰው የለም። ፊቷን የሸፈነችው ሴት ነጠላዋን ገለጠች። መላጣውን ሜዳ አቋርጣ መጣች፣ እጁን ያዘች፣ እየጎተተች ወደ ቤቷ ወሰደችው። በሩ ዝቅተኛ ነው፤ ያ ግዙፍ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ገባ። ያኔ ሴቶቹ እልል አሉ። ደስታ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን አብሬ እልል አላልኩም።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ልሰናበት ገባሁ። እማማ ዳመነች መደቡ ላይ ናቸው፤ አናታቸው ላይ ቅቤ አድርገውላቸዋል፤ ገንፎ የያዙ ጎረቤቶች ይገባሉ ይወጣሉ። ማርቆስ ጭንቅላቱን እናቱ ጉልበት ላይ አድርጎ ተኝቷል። የወጌሻ ነገር፣ መጀመሪያ ያየሁት አንገቱን ነው። ብልዙ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል።

“ቂም ይዘህብኛል?” አልኩት።

“አላውቅም። ቀበቶዬን ሳስብ አዎ” አለ። ቀጥሎ “እትዬ፣ ያን ቀን ስነቃ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስሜን የሚጠራ ሰው ሰምቼ ነው የተመለስኩት። ሦስት ጊዜ። ሕልም መስሎኝ ነበር” አለኝ።

እናቱ አማርኛ አይሰሙም። ግን እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙ፣ ያን ደረቱ ላይ ጥዬው የነበረውን ቀኝ እጄን፤ ወስደው እንደገና እዚያው ደረቱ ላይ አኖሩት። ይመታል። ሙቅ ነው። እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።

ዘነበች እስከ ላንቴ ሸኘችኝ። ጫማዋን ልመልስ ብላት እምቢ አለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ጠይም ሴት ተቀመጠች፣ ሙዝ ቆርሳ አካፈለችኝ።

“ማንን ጠይቀሽ ነው?” አለችኝ።

“አራስ።”

“እሰይ። ምን ተገላገለች?”

“ወንድ።”

“ይደግላት። ስሙን ማን አላችሁት?”

ወደ ኋላ ዞሬ ተራራውን አየሁ። ጉሙ ተገፍፏል።

“ገና ስም አልወጣለትም” አልኳት።